የግቢ መግቢያ ቱቦ፦ ፕላስቲክ ወይስ ብረት?

ባለሙያው፦ ግቢው ከመንገድ ዳር ቦይ ወዲያ ማዶ የሆነ ሰው ሁሉ ቱቦ ያስፈልገዋል። ቱቦው የክረምቱን ጎርፍ በሥር ያሳልፋል፤ ሰው፣ ከብት፣ ጋሪና መኪና በላይ ይሻገራሉ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን በክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ከያዘ ወዲህ ቦይ የሚያልፍበት ደጃፍ በዝቷል። በመርጡለ ማርያም ዙሪያ ነገሩን የሚያከብዱት ዝናቡና አፈሩ ናቸው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ተጨናንቆ ይወርዳል። በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም ሜዳማ መሬት ሰፊ ቦታ የያዘው ዋልካ ደግሞ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍናል፤ ከዚህ 7.6 ሚሊዮኑ በደጋማው ክፍል ነው። በውስጡ የተቀበረ ነገር ሁሉ በየዓመቱ ይገፋል፣ ይሳባል።

ባለይዞታው፦ ቱቦ የሚባል ሳይገዛም መሻገሪያ ይሠራ ነበር፣ ልጄ። ባሕር ዛፍ ይረበረባል፣ ጭድና አፈር ይለብሳል። በኋላ በርሜል መጣ፤ ግራና ቀኝ ክዳኑ ተቆርጦ ሦስት አራቱ ተበይዶ ይቀበራል። እነዚህ ምን ጎደላቸው?

ባለሙያው፦ ባሕር ዛፉ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ የሚሰበረውም ብዙውን ጊዜ ጭነት ሲያልፍበት ነው። በርሜሉ ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ በማሳለፍ አይታማም። ችግሩ ቆርቆሮው ነው። ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ከቀለም በቀር መከላከያ የለውም። ቀለሙን ደግሞ ብየዳው በየመጋጠሚያው ያቃጥለዋል፤ ዝገቱም ከዚያው ይጀምራል። በርሜል የቀበረ ሰው ከጥቂት ክረምት በኋላ እንደገና መቆፈሩ አይቀርለትም።

ባለይዞታው፦ እሺ፣ ቱቦ ይገዛ። ስንት ስፋት ያለው?

ባለሙያው፦ መጀመሪያ የሚለካው ቱቦው ሳይሆን ከቦዩ በላይ ያለው መሬት ነው። ውሃውን ወደዚያ ቦይ የሚልከው ማሳ 16 ጥማድ፣ ማለትም 4 ሄክታር ያህል ነው እንበል። ዝናቡ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚያህል ኃይል ቢወርድ በዚያ ማሳ ላይ በሰዓት 2,400 ሜትር ኪዩብ ውሃ ያርፋል። አፈሩ ግማሹን ቢውጥ 1,200 ሜትር ኪዩብ ይተርፋል፤ ይህ በሴኮንድ ሲመነዘር 333 ሊትር ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የውሃ ማፋሰሻ ንድፍ መመሪያም ለትንንሽ ተፋሰስ የሚጠቀመው ይህንኑ ዓይነት ስሌት ነው። ነሐሴ ላይ ግን አፈሩ ጠግቦ ስለሚውል ግማሽ መዋጡ ራሱ የቸርነት ግምት ነው።

ባለይዞታው፦ ይህን ያህል ውሃ የትኛው ይችለዋል?

ባለሙያው፦ በ1 ከመቶ ተዳፋት የተቀበረ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሞልቶ ሲፈስ በሴኮንድ 660 ሊትር ያህል ያሳልፋል። በዚያው ስፋትና ተዳፋት የተቀበረ ሸንተረራማ ብረት ግን የዚህን ግማሽ፣ 330 ሊትር ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ሸንተረሩ ውሃውን እያወከ ያዘገየዋል። መሐንዲሶች የሻካራነት ቁጥር የሚሉት ለለስላሳው 0.012፣ ለሸንተረራማው 0.024 ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ ይመጣል።

ባለይዞታው፦ እንግዲያማ ነገሩ አለቀ፤ ፕላስቲኩ እጥፍ ካሳለፈ ምን ቀረ?

ባለሙያው፦ በወረቀት ላይ ያልቃል፣ ጋሼ። የሻጮች ወረቀትም የሚቆመው እዚያው ላይ ነው። የግቢ መግቢያ ቱቦ ርዝመቱ 6 ሜትር ቢሆን ነው። ቱቦው እንዲህ ሲያጥር ውሃውን የሚገድበው ሆዱ ሳይሆን አፉ ይሆናል፤ ወደ ውስጥ ያልገባ ውሃ ሆዱ ለሰለሰም ሻከረም አይፈስም። ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ፣ ውሃው በመግቢያው ከአናቱ ጋር ሲስተካከል፣ የሚቀበለው በሴኮንድ 300 ሊትር ገደማ ነው። ፕላስቲክም ቢሆን ብረትም ቢሆን ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ለማስገባት ውሃው ከአናቱ በላይ መቆለል አለበት፤ ስለዚህ አፉ በግንብ ካልተያዘ መንገዱን ቆርሶ ይወስደዋል። የልስላሴው ጥቅም በደንብ የሚታየው ቱቦው ሲረዝም፣ መሬቱም ሜዳ ሲሆን ነው። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ባለ አንድ ግድግዳው እንደ ብረቱ ውስጡም ሸንተረር ነው፤ ለስላሳ የሚሆነው ባለ ሁለት ግድግዳው ብቻ ነው።

ባለይዞታው፦ ለቤት ፍሳሽ የሚሸጠው ፒቪሲስ? ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩ በየሱቁ አለ።

ባለሙያው፦ ስፋት ሲቀንስ የሚያሳልፈው ውሃ በተመሳሳይ ልክ አይቀንስም፤ ይወድቃል። አንዱን ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ለመተካት እኩል ልስላሴ ያላቸው 19 ያህል ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦዎች ያስፈልጋሉ። ጠባብ ቱቦ ደግሞ በአንድ የማሽላ አገዳ እስር ይደፈናል። እጅና አካፋ የማያስገባ ቱቦ ለጎርፍ መውረጃ አይሆንም። ከላይ ብዙ ማሳ ለሌለበት ትንሽ ቦይ 45 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ውሃ ለሚበዛበት 60 ይሁን።

ግንበኛው፦ ስለ ብረቱ ጥሩ ነገር ሳይባል አይታለፍ። አርምኮ የሚባለው ብዙ ቦታ ተቀብሮ መኪና ሲያሳልፍ ይታያል።

ባለሙያው፦ ይታያል። ሸንተረራማ የብረት ቱቦ በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ተፈልስፎ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1896 እ.ኤ.አ.፣ የዓድዋ ጦርነት በተደረገበት ዓመት ነው። አርምኮ የሚለው ስም የመጣው ከኦሃዮ ብረት አምራች ኩባንያ ነው፤ እዚህ አገር የኩባንያው ስም ለቱቦው ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የብልሃቱ ሥር ሸንተረሩ ነው። ዝርግ ቆርቆሮ ጣት ሲያስጎነብሰው ሸንተረር የወጣለት ግን ሰው ይሸከማል፤ የጣሪያ ቆርቆሮ የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ምክንያት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ብረት አፈርና መኪና ይችላል። ሌላው ጥቅሙ በግማሽ ክብ ገጾች ተቆርጦ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ተጭኖ፣ በቦታው በብሎን መገጠሙ ነው። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ገጾቹ በሰው ትከሻ ይደርሳሉ። ከ1.2 ሜትር በላይ ስፋት ሲፈለግም ብረት አሁንም ይመረጣል። እሳትም አይፈራም።

ባለይዞታው፦ ዝገትስ?

ባለሙያው፦ የብረቱ ሞት እሱ ነው። ብረቱን የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው፤ በደንብ የተለበጠው ሁለቱ ገጽ ተደምሮ በካሬ ሜትር 610 ግራም ዚንክ ይዞ ይወጣል። ዚንኩ ብዙ የሚቆየው አፈሩም ውሃውም ኮምጣጣነት ሳይበዛበት፣ አፈሩም ውሃ ቶሎ የሚያጠነፍፍ ሲሆን ነው። እዚህ ሁለቱም ይጎድላሉ። ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ሲባል ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ እንዲበትን የሚመከረውም ለዚህ ነው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላዩን አሲዳማነት እንደሚያጠቃው ይገመታል። ታች ሜዳው ላይ ያለው ዋልካ ያን ያህል አይኮመጥጥም፤ ነገር ግን ውሃ አቁሮ ለወራት ይቆያል። እርጥብ ሸክላ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ብረትን ከውጭ ይበላል። ከበረት የሚወርድ እበትና ሽንት የተቀላቀለበት ጎርፍ ደግሞ ከውስጥ ያፋጥነዋል። በተዳፋት ላይ ሌላም አለ፤ ጎርፉ የሚያንከባልለው ጠጠር የቱቦውን ወለል እየፋቀ ዚንኩን ይገፍፈዋል። ስለዚህ የብረት ቱቦ የሚሞተው ከታች ነው። ጣሪያው ደህና መስሎ ወለሉ እንደ ወንፊት ይሆናል፣ ውሃው ወደ ሥሩ ሰርጎ አፈሩን ይሸረሽራል፣ አንድ ቀን መንገዱ ይሰምጣል። ከላይ ለሚያይ ሰው ምንም ምልክት አይሰጥም።

ባለይዞታው፦ ከዝገት ቢተርፍ ደግሞ ቆራሌው አለ።

ባለሙያው፦ እውነት ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ብረት ፈትቶ የሚወስድ ሌባ ባለበት አገር በብሎን የተያያዘ ቱቦ ጫፉ ወጥቶ ሲታይ ያጓጓል። ፕላስቲክ ይህ ፈተና አይደርስበትም፤ ቁርጥራጩን በዚያ ዋጋ የሚፈልገው የለም።

ባለይዞታው፦ ፕላስቲኩ ምንድን ነው? ጥቁሩ የውሃ መሳቢያ ጎማ ዓይነት ነው?

ባለሙያው፦ ዘሩ አንድ ነው። ኤችዲፒኢ ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ጠንካራ ፖሊኤትሊን በዝቅተኛ ግፊት ማምረት የተቻለው ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ዚግለር በ1953 እ.ኤ.አ. ባገኘው ዘዴ ነው። ሸንተረራማ ቱቦ ሆኖ ለእርሻ ማጠንፈፊያ መቀበር የጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ጥቁር የሆነው ለውበት ሳይሆን ከ2 በመቶ በላይ ጥላሸት ስለተቀላቀለበት ነው፤ ጥላሸቱ ከፀሐይ ጨረር ይከላከላል። አሲድ አይነካውም፣ ሽንት አያዝገውም፣ ጠጠርም እንደ ዚንክ አይገፍፈውም። ባለ 60 ሴንቲ ሜትሩ በሜትር 16 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 6 ሜትሩ ሙሉ ቱቦ 100 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስድስት ሰው ከኢሱዙ ላይ አውርዶ ቦዩ ውስጥ ያስተኛዋል። ርዝመቱ ለአንድ በር ስለሚበቃ መጋጠሚያ አይኖረውም። ዋልካ በሚያብጥበትና በሚሸማቀቅበት መሬት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ አፈሩ ሲሳብ መጀመሪያ የሚላቀቀው መጋጠሚያ ነውና።

ግንበኛው፦ መቶ ዓመት ይቆያል ሲሉ ይሰማል።

ባለሙያው፦ መቶ ዓመት የቆየ እንዲህ ያለ ሸንተረራማ የፕላስቲክ ቱቦ በዓለም ላይ የለም፤ መቀበር ከጀመረ ገና 60 ዓመት ገደማ ነው። መቶ የሚለው ከላቦራቶሪ ሙከራ ተነሥቶ የተሰላ ነው። ስሌቱ መጥፎ አይደለም፤ ሆኖም የሚሠራው ቱቦው እንደ ደንቡ ሲቀበር ነው። የፕላስቲክ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ይመጣል። በራሱ ጭነት አይሸከምም። የሚሸከመው ግራና ቀኙን የያዘው የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ጎኑ ባዶ ከሆነ ከላይ ሲጫን ይሰፋና እንደ ተረገጠ ጣሳ ይጠፈጠፋል። ብረቱም ይህ ባሕርይ አለው፤ ፕላስቲኩ ግን ይብሳል። ሌላው እሳት ነው። ኤችዲፒኢ 130 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፣ ከተያያዘም ይነድዳል። ቦይ ውስጥ የተሰበሰበ ደረቅ ሣርና ገለባ በበጋ የሚቃጠልበት ጊዜ አለ፤ ጫፉ ወጥቶ የተተወ ፕላስቲክ ያን ጊዜ ይሄዳል። ሦስተኛው መንሳፈፉ ነው። ውሃ በዙሪያው ሲቆለል፣ በላዩ ያለው አፈር ትንሽ ከሆነ፣ ቱቦው ጫፉን ያነሣል።

ግንበኛው፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው በድንጋይ መሥራት ይሻላል። ጥቁር ድንጋይ እዚሁ ነው፤ ጮቄ ራሱ እሳተ ገሞራ የቆለለው ጥቁር ድንጋይ ነው። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በመርጡለ ማርያም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ዛሬም ጥርብ ድንጋዩ ይታያል። ሁለት ግንብ አቁሞ በላዩ የኮንክሪት ሶሌታ መጣል ከማንኛውም ቱቦ ዕድሜ ይበልጣል።

ባለሙያው፦ ይበልጣል፤ መሠረቱ ከዋልካው አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ካረፈ። እዚያ ካልደረሰ ሁለቱ ግንቦች በየክረምቱ እየተገፉ ይሰነጠቃሉ። የኮንክሪት ቱቦም አለ፤ እሳትም ዝገትም አይነካውም ማለት ይቻላል። ግን ባለ 60 ሴንቲ ሜትሩ በሜትር ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ በአንድ አንድ ሜትር ስለሚመጣ 6 ሜትር ላይ አምስት መጋጠሚያ ይኖረዋል። ማንሻ መኪና ለሚመጣበት ትልቅ መንገድ ይሄ ምንም አይደለም። ለአንድ ቤት ደጃፍ ግን ሸክሙ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ባለይዞታው፦ ቁርጡ ይነገር።

ባለሙያው፦ በዚህ አፈርና በዚህ ዝናብ፣ ስፋቱ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ የግቢ መግቢያ፣ ባለ ሁለት ግድግዳ ፕላስቲክ ይሻላል። ሁለቱም ጫፉ ግን በግንብ መታሰር አለበት፤ ዙሪያው በዋልካ ሳይሆን በገረጋንቲ መሞላት አለበት። እነዚህ ሁለቱ ካልተሟሉ ብረት ይቀበር፤ ብረት ቢያንስ የቀባሪውን ስንፍና ለጥቂት ዓመት ይሸፍናል። ድንጋዩ ወጥቶ የሚታይበት፣ ውሃ የማያቁር ጠጠራማ መሬት ላይ ከሆነም፣ በተለይ ሰፊ ቱቦ ሲፈለግ፣ ብረት አያስነውርም።

ግንበኛው፦ እንግዲህ ግንበኛ ከሥራው አልወጣም።

ባለሙያው፦ ግማሹ ሥራ የግንበኛው ነው። ቁፋሮው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይሁን፤ ሰኔ ከገባ ጭቃ መጠቅጠቅ አይቻልም። ቦዩ ከቱቦው ግራና ቀኝ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይኑረው፤ ጠቅጣቂው እግር የሚያስገባበት ቦታ ካጣ ጎኑ ሳይጠቀጠቅ ይቀራል፣ ቱቦ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ወለሉ ላይ ድንጋይ የሌለበት 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ይነጠፍ። ተዳፋቱ በሲባጎና በውሃ ልክ ይለካ፤ በ6 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር መውረድ ይበቃዋል። ቱቦው ከተፈጥሮው የቦይ ወለል ጋር እኩል ይተኛ። ከፍ ካለ ውሃ ከፊቱ ይቆማል፤ ዝቅ ካለ በአንድ ክረምት ደለል ይሞላዋል።

ባለይዞታው፦ አሞላሉስ?

ባለሙያው፦ በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር ድርብ፣ ግራና ቀኙን እኩል እያሳደጉ። አንዱን ጎን ሞልቶ ወደ ሌላው መሄድ ቱቦውን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ገረጋንቲው እርጥበት ሊኖረው ይገባል፤ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ጭቃ ግን የማይሆን። አስቸጋሪው ቦታ ከቱቦው ወገብ በታች ያለው ጉያው ነው፤ እዚያ በአካፋ የተጣለ አፈር ራሱን አይሞላም፣ በእንጨት እየተጎሰጎሰ መግባት አለበት። ከአናቱ በላይ የተጠቀጠቀ 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ዝቅተኛው ነው። ቤት ሲሠራ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ የሚገባበት ከሆነ 50 ይሁን፤ መኪናውም ሙሌቱ ሳያልቅ ድርሽ አይበል።

ባለይዞታው፦ በትክክል መቀበሩ በምን ይታወቃል? ከተሸፈነ በኋላ ማን ያያል?

ባለሙያው፦ በዘንግ ይታያል። እንዲህ ያለ ቱቦ ሊጠፈጠፍ የሚፈቀድለት ከስፋቱ 5 ከመቶ ነው፤ በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ 3 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። 57 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተቆረጠ ዘንግ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ከጫፍ እስከ ጫፍ በልጅ እጅ ይጎተት። ካለፈ ደህና ነው። መሃል ላይ ከተቀረቀረ እዚያ ጎኑ አልተጠቀጠቀም። ይህ ፈተና ለሠራተኛው ሒሳብ ከመከፈሉ በፊት ቢደረግ ጸብ ይቀንሳል።

ግንበኛው፦ የጫፉ ግንብ እንዴት ይሁን?

ባለሙያው፦ ቱቦውን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ፣ ግራና ቀኝ ክንፍ ያለው፣ እግሩም ከቦዩ ወለል ግማሽ ሜትር ወርዶ የተቀበረ። እግር የሌለው ግንብ ውሃ በሥሩ ይገባና ቱቦውን ተከትሎ ይሮጣል፤ ብዙ መሻገሪያ ተጠርጎ የሚሄደው በአናቱ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው። ግንቡ የእሳትንና የመንሳፈፍን ችግር አብሮ ይዘጋል። የብረት ፍርግርግ ግን አፉ ላይ እንዳይደረግ። በበጋ ጅብ ያድርበታል ብሎ የሚዘጋ ሰው አለ፤ በሐምሌ ፍርግርጉ ገለባ ይይዝና ውሃው በመንገዱ ላይ ይወጣል። ጅቡ ሰኔ ሲገባ ራሱ ይወጣል።

ባለይዞታው፦ መውጫው ከጎረቤት ማሳ ጋር ከሆነስ?

ባለሙያው፦ ከሁሉ የሚያጣላው ይህ ነው። ፈሰስ አውጥቶ ውሃን ከማሳ ማስወጣት የጎጃም ገበሬ የቆየ ልማድ ነው፤ ፈሰሱ ግን ውሃውን በታትኖ ያወርዳል። ቱቦ አንድ ቦታ ሰብስቦ በኃይል ይተፋዋል። ዋልካ ላይ የተተፋ ውሃ በሁለት ሦስት ክረምት ቦረቦር ይከፍታል፣ ቦረቦሩም ወደ ላይ እየበላ ቱቦው ሥር ይደርሳል። ከመውጫው በታች 2 ሜትር ያህል ርዝመት፣ የሰው ራስ በሚያህል ድንጋይ የተነጠፈ ማረፊያ ይሠራ። ውሃው ከዚያ አልፎ ወደ ነባሩ የውሃ መውረጃ ይመለስ እንጂ ወደ አዲስ ማሳ አይዙር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሃ አጠቃቀም የሚደነግግ ክፍል አለው፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ግን ጎረቤትን ቁፋሮው ላይ ጠርቶ መውጫውን አብሮ ማየት ይረክሳል። ቦዩ የመንገድ ከሆነም የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ቱቦ ያለ ፈቃድ ቀብሮ መንገዱን ያስጥለቀለቀ ሰው አውጣ ይባላል።

ባለይዞታው፦ ከዚያ በኋላ ተቀብሮ ይረሳል?

ባለሙያው፦ አይረሳም። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ደለሉና ገለባው ይጠረጋል። በክረምቱ ውስጥ ከትልቅ ጎርፍ በኋላ አፉ ይታያል። የመጀመሪያው ክረምት ሲያልቅ፣ በመስከረም፣ ዘንጉ እንደገና ይጎተታል፤ ሙሌት አብዛኛውን የሚሰምጠው በዚያው በአንደኛው ክረምት ነው። ዘንጉ ካላለፈ ሙሌቱ ተቆፍሮ በገረጋንቲ እንደገና ይጠቀጠቃል፤ ካልተቀደደ ቱቦው መለወጥ አያስፈልገውም።